ከፋሻ ወደ ጥቁር ሰሌዳ፦ በጣሊያን ወረራ ዘመን የሴቶች በጎ አድራጎትና ያወረሰን ጥያቄ



 የዛሬው ንግግሬ ርእስ በጦርነት በተጎዳ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ ሴቶችና ስለ ትምህርት የሚደረግ በጎ አድራጎት ነው። ጉዳዩ በየዕለቱ በዜናና በሪፖርት የምንሰማው ስለሆነ የዘመናችን ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን ወደ ኋላ መለስ ብዬ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ሁለት አሥርት ዓመታት ላስቃኛችሁ እወዳለሁ። ዓመታቱን በአብዛኛው በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በአውሮፓውያን ስጠራ እናገራለሁ።

የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ጦርነት ሲመጣ ደግ ሰዎች ብዙ ነገር ያደርጋሉ፤ ስንቅ ያዘጋጃሉ፣ ቁስል ያስራሉ፣ ገንዘብ ይሰበስባሉ፣ የሙት ልጅ ያሳድጋሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ የሚቀረው የትኛው ነው? ለምንስ እርሱ ቀረ? የእኔ መልስ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የቀረው ሴቲቱን የሙያ ባለቤት ያደረገው ነው። ይህን መልስ በማስረጃ ለማስደገፍ እሞክራለሁ፤ ድካሙንም አልሸሽግም።

ከማኅበሩ በፊት

የኢትዮጵያ ሴት በጦርነት ውስጥ ያላት ድርሻ በ1927 ዓ.ም. የጀመረ አይደለም። የጥንቱ ሠራዊት የራሱ ስንቅ ክፍል፣ የራሱ ሐኪም ቤት አልነበረውም። ዘመቻ ሲታወጅ እህሉን የምትፈጭ፣ በሶውን የምታዘጋጅ፣ ውኃ የምትቀዳ፣ የቆሰለውን የምታስታምም ሴት አብራ ትዘምት ነበር። እቴጌ ጣይቱ በዐድዋ ዘመቻ ያደረጉትን ሁላችንም እናውቃለን። ስማቸው ያልተጻፈው ሴቶች ያደረጉት ግን ሠራዊቱን በእግሩ ያቆመው ነበር። ይህ ሁሉ ሥራ ግን እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። ሴትነት ራሱ ግዴታ ነበርና ደመወዝም ማዕረግም አልነበረውም። ጦርነቱ ሲያልቅ ሴቲቱ ወደ ማጀቷ ትመለሳለች፤ ያካበተችው ልምድም አብሯት ይገባል።

በትምህርት በኩልም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ የታሰበው ለወንዶች ልጆች ነበር። የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ጥቂት ልጃገረዶችን ያስተምሩ ነበር። በመንግሥት በኩል ለልጃገረዶች ብቻ ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የተከፈተውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 ነው። ጣሊያን ድንበር ሲሻገር ትምህርት ቤቱ ገና አራት ዓመት ሆኖት ነበር። አራት ዓመት አንዲት ልጅ ፊደል ቆጥራ፣ ሂሳብ ለምዳ፣ አንድ የውጭ ቋንቋ ለመናገር የምትበቃበት ጊዜ ነው። መምህርት ሆና ሌላዋን ለማስተማር ግን አይበቃትም።

የ1927ቱ ማኅበር

በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ከተፈጠረ በኋላ ጦርነት እንደማይቀር ግልጽ እየሆነ ሄደ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ። እቴጌ መነን ጠባቂ፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ልዕልቲቱ በጥቅምት 1912 ዓ.ም. የተወለዱ ስለሆኑ በዚያን ጊዜ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እቴጌይቱም ወረራው ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ጥሪ አሰሙ።

ማኅበሩ ምን ሠራ? የከተማዋ እመቤቶችና በአዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ አገር ሴቶች ተሰብስበው ፋሻ ቆረጡ፤ ልብስ ሰፉ፤ ለዘማቹ የሚላክ ዕቃ አዘጋጁ። የመርዝ ጋዝ ወሬ ሲመጣ ደግሞ የጋዝ ጭምብል መሥራት ጀመሩ። ልዕልት ፀሐይ ጭምብሉን ራሳቸው አጥልቀው አጠቃቀሙን ሲያሳዩ የተነሡት ፎቶግራፍ በዘመኑ የውጭ ጋዜጦች ዘንድ ታውቋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጣሊያን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ሆና ሳለ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመች። የሰናፍጭ ጋዝ ሳንባን ብቻ የሚጎዳ አይደለም። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሣርና ውኃ ላይ አርፎ ይቆያል። ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ሸማ የለበሰ ዘማች በጭምብል ብቻ ከእርሱ አይድንም። እነዚያ እመቤቶች የሰፉት ጭምብል የፍቅርና የድፍረት ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የገጠማቸውን መሣሪያ የሚመጥን አልነበረም። ይህን የምለው ሥራቸውን ለማቃለል አይደለም። ደግነት ዕውቀት ሲጎድለው ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ያሉት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩና በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያት ነርሶች አልነበሩም ማለት ይቻላል። ፋሻ የሚቆርጡ እጆች በሺህ ይገኙ ነበር፤ ቁስሉን አይተው የሚያደርጉትን የሚያውቁ እጆች ግን አልነበሩም።

በወረራው ዓመታት

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕንጻዎቹም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። አዲሱ ገዥ ለጣሊያኖች ልጆችና እርሱ ተገዥ ለሚላቸው የተለያየ ትምህርት ደነገገ። ለተገዥው የተመደበው ትምህርት ከመታዘዝና ከእጅ ሥራ እንዳያልፍ የታቀደ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር የከተማ ሕዝብ ታረደ። ከዚያም በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ። ለታሪክ ተማሪ ይህ ነጥብ ከባድ ነው። ያ ግድያ ከነጻነት በኋላ ማን መምህር፣ ማን ጸሐፊ፣ ማን ሐኪም ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ለአንድ ትውልድ አበላሽቶታል።

በዚህ ጊዜ በጎ አድራጎት ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው የምሥጢር መንገድ ነው። የውስጥ አርበኞች የምንላቸው በከተማ እየኖሩ ለጫካው ጦር መረጃ፣ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ገንዘብ ያሻግሩ ነበር። ከእነርሱ መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። ሀብታቸውን ለአርበኞች አዋሉ፤ ተይዘው ተገረፉ፤ አዚናራ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ተግዘው ታሰሩ፤ ሲመለሱም ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ኋላም በአዲስ ዓለም በኩል በተደረገው ውጊያ ተሳተፉ። በጥንቱ ዘመን ስንቅ ማዘጋጀት ማለት ምን እንደሆነ የምታውቅ ሴት ያንን ዕውቀት ወደ ድርጅት ስትለውጠው ምን እንደሚመስል የእርሳቸው ሕይወት ያሳያል። ያለ ቻርተርና ያለ ማኅተም የተካሄደ፣ ነገር ግን ከ1927ቱ ማኅበር ሥራ ይልቅ ለተዋጊው የቀረበ ድጋፍ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የስደት መንገድ ነው። በለንደን ሲልቪያ ፓንክኸርስት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ ጀመሩ። የመጀመሪያው እትም የወጣበት ዕለት ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባበት ዕለት ጋር አንድ ነው። ሲልቪያ በእንግሊዝ አገር ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ብዙ ጊዜ የታሰሩ ሰው ነበሩ። ስለ ኢትዮጵያ ሲጽፉ የለመዱትን መሣሪያ፣ ማለትም ጋዜጣን፣ ስብሰባንና የገንዘብ መዋጮን፣ ይዘው ነው የመጡት።

ልዕልቲቱ ነርስ መሆን ለምን ፈለጉ?

ንጉሣዊው ቤተሰብ በባዝ ከተማ በስደት ሲቀመጥ ልዕልት ፀሐይ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ገቡ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመረቁ፤ ቀጥለውም በጋይስ ሆስፒታል ሥልጠናቸውን ቀጠሉ።

ይህን ውሳኔ እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም። በአገራችን የቆየ ልማድ የሌላን ሰው ቁስል ማጠብ፣ የታመመ ሰውን አካል መንካት፣ ሽንት ቤት ማድረስ የገረድ ሥራ ነበር። ለንጉሥ ልጅ የሚገባው በጎ አድራጎት ገንዘብ መስጠትና ጠባቂ መሆን ነው። በ1927 ዓ.ም. የማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ልጅ በ1929 ዓ.ም. በሆስፒታል ተራ ተማሪ ሆነው አልጋ ያነጥፉ ነበር። ከጠባቂነት ወደ ሙያ የተደረገው ይህ ጉዞ የዛሬው ንግግሬ አንጓ ነው። የጋዝ ጭምብል የሰፉት ወጣት የጎደለው ምን እንደሆነ የተረዱ ይመስለኛል። ልባቸው የሚናገረውን እኔ መናገር አልችልም፤ ያደረጉት ግን ራሱ ይናገራል።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ እርሳቸውም ተመለሱ። ከአብይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት አልሞላም ነበር። በአገሪቱ ከነበሩት እጅግ ጥቂት የሠለጠኑ ነርሶች አንዷ፣ በየዓመቱ ስንትና ስንት ስማቸው የማይታወቅ እናቶችን በሚገድል ምክንያት ሞቱ። ልዕልትነት ሐኪም ቤት በሌለበት ቦታ አያድንም።

ሲልቪያ ፓንክኸርስትና ወዳጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ያዙ። እዚህ ላይ የ1927ቱ ስሕተት አልተደገመም። የታሰበው ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ኢትዮጵያውያት ነርሶች የሚሠለጥኑበትም እንዲሆን ነበር። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ። ከሞታቸው እስከ ምረቃው ዘጠኝ ዓመት ያህል ወስዷል። ፋሻ በአንድ ቀን ይቆረጣል፤ ነርስ የምታወጣ ቤት ግን ዘጠኝ ዓመት ትጠይቃለች። ለጋሾች ሊሰሙት የማይወዱት ሂሳብ ይህ ነው።

ስንዱ ገብሩና ጥቁር ሰሌዳው

የነርስ ሥልጠና ግን ከባዶ መሬት አይበቅልም። ወደ ሥልጠናው የምትገባው ልጅ አስቀድማ ማንበብ፣ መጻፍና መለካት ማወቅ አለባት። ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ ወደ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያመጣናል።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ፈረንሳይ ተልከው ተማሩ። ወረራው ሲመጣ በምዕራብ ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማረኩ፤ እርሳቸውም በአዚናራ ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ ማስተማር ተመለሱ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱት ተውኔት ራሳቸው ይጽፉ ነበር። አርእስቱም ብዙ ጊዜ ያሳለፉት ወረራና አርበኝነት ነበር። ከእስር ቤት የወጣች ሴት በልጃገረዶች ፊት ጠመኔ ይዛ ስትቆም የምታስተምረው ከመጽሐፉ በላይ መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ተከፈተ። በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ለዚህ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። መብቱን የሰጠው ወረቀቱ ነው። በመብቱ ለመጠቀም የበቃችዋን ሴት ግን ወረቀቱ አላፈራትም፤ ትምህርት ነው ያፈራት። ሴቶችን ማብቃት የሚለው የዘመናችን ቃል ይህን ቅደም ተከተል ሲረሳ ባዶ ይሆናል።

ሚዛኑ

ክቡራንና ክቡራት፤ እስካሁን የተናገርኩት የሚያኮራ ታሪክ ነው። የታሪክ ምሁር ግን ሚዛኑን በሁለት እጁ መያዝ አለበት። ሦስት ድካሞችን ላንሣ።

የመጀመሪያው፣ ይህ ሥራ የአዲስ አበባና የመኳንንት ቤት ሥራ ነበር። ጦርነቱ ክፉኛ የጎዳው ግን ትግራይን፣ ወሎን፣ ሲዳሞንና ሐረርጌን ነው። ባሏ በማይጨው የቀረ፣ ከብቷ በጋዝ ያለቀ፣ ልጆቿን ይዛ የተቀመጠች የገበሬ ሚስት በማኅበሩ ታሪክ ውስጥ ስትገኝ አናይም። ፎቶግራፉ የልዕልቲቱ ነው፤ ጋዙ ግን የወረደው በገበሬዋ ላይ ነበር። ያቺን ሴት ያቆማት ዘመዷ፣ ደቦዋና ጎረቤቷ ነው፤ እነዚህም መዝገብ አይጽፉም። እኛ የምናነበው ታሪክ መዝገብ የጻፉትን ሰዎች ታሪክ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

ሁለተኛው፣ ማኅበሩ በዙፋኑ ጥላ ሥር ነበር። ከነጻነት በኋላ ሥራው ሰፍቶ የሙት ልጆችን እስከ ማሳደግና የእጅ ሥራ እስከ ማስተማር ደርሷል። ጥላው በ1967 ዓ.ም. ሲነሣ ግን አብሮ ወደቀ። በ1972 ዓ.ም. አብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ሥራው ሁሉ በአዲስ ስም፣ በአዲስ ርእዮተ ዓለም እንደገና ተጀመረ። አዲሱም ማኅበር በተራው ከመሠረተው መንግሥት ጋር ሄደ። ሴቶቻችን በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከ«ሀ» ጀመሩ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ትምህርቱ ራሱ ሁለት ልብ ነበር። ለልጃገረዶች የታሰበው ትምህርት የተማረች ሚስትንና እናትን ለማፍራት እንደሆነ የዘመኑ ሰዎች ሳያፍሩ ይናገሩ ነበር። ስፌትና የቤት አያያዝ ከሂሳብ ጎን ተቀምጦ ነበር። ሆኖም ማንበብ የለመደች ልጅ የምታነበውን ራሷ ትመርጣለች። አስተማሪዎቹ ያላሰቡት መምህርት፣ ነርስና የምክር ቤት አባል ከዚያው ክፍል ወጣ።

ድካሙን ከቆጠርን በኋላ የቀረውን እንቁጠር። ማኅበሩ የለም። የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ስሙ ተለውጦ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ ይጠራል፤ አልጋዎቹ ግን አልተነሡም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ «የካቲት 12» ተባለ። በዚያ ዕልቂት ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት ሆኖ ብዙ ትውልድ አስተማረ። ስም ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ ደወሉ ግን ተደወለ፣ ልጆቹም ገቡ። ሕንጻ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ በደመወዝ የሚሠሩ መምህራንና በየዓመቱ የሚገባ ተማሪ ያለው ነገር በቀላሉ አይሞትም። የማኅበር አባልነት፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ግብዣና የአንድ ቀን ስጦታ ግን ከሰጪው ጋር ያልፋሉ።

ለዛሬው

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የተካሄደው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቆመ። ከዚያም በኋላ በተለያዩ አካባቢዎች ግጭት አልተቋረጠም። ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ አንዳንዶቹ የጦር ሠፈር፣ አንዳንዶቹ የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነዋል። በእነዚህ ዓመታት ልጃገረዶችና ሴቶች የደረሰባቸውን በደል ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በዚህ አዳራሽ ካላችሁትም ያያችሁት አላችሁ። ብዙ ድርጅቶች፣ ብዙ ደጋግ ሰዎች በአገር ውስጥም በውጭም እጃቸውን ዘርግተዋል። ደብተር፣ የደንብ ልብስ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ምግብ ይሰጣሉ። ይህ ያስፈልጋል፤ የተራበች ልጅ ጥቁር ሰሌዳ አይታያትም።

ከ1927 ዓ.ም. የምንማረው ግን ከስጦታው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ነው። ይህ ፕሮጀክት ሲዘጋ በወረዳው ውስጥ ስንት ሴት መምህራን፣ ስንት ነርሶችና አዋላጆች፣ ስንት ሒሳብ ሠራተኞች ይቀራሉ? ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል? ሥልጠናውን የሚቀጥለው የትኛው ተቋም ነው? መጠለያ ውስጥ ያለችውስ ሴት ተቀባይ ብቻ ናት ወይስ በኮሚቴው ላይ ድምፅ አላት? ሸዋረገድ ገድሌ ማንም ሳይሾማቸው ያደረጉት ነገር የሚያስተምረን ተጎጂ የሚባለው ማኅበረሰብ ራሱ አደራጅ እንደሆነ ነው። እርዳታ ይህን ሳያይ ሲገባ የነበረውን ድርጅት ያፈርሳል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ ልተውላችሁ። ይህን ታሪክ ዛሬ የተናገርኩት በጥቂት ስሞች ላይ አቁሜ ነው፤ የተጻፈው የእነርሱ ስለሆነ። በየቀበሌው ግን በወረራው ዘመን ስለሆነው ከእናታቸው የሰሙ፣ በኋለኞቹም ጦርነቶች ራሳቸው ልጆች ያሳደጉ፣ በዛፍ ጥላ ያስተማሩ ሴቶች አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋው ተማሪ ወደ እነርሱ ይሂድ፤ መቅረጫና ትዕግሥት ይዞ ይሂድ። ስማቸውን፣ የሠሩበትን ቦታና ዓመቱን ይጻፍ። እስካሁን መዝገቡ የጠባቂዎች ነው፤ የሠራተኞቹን የሚጽፈው የእናንተ ትውልድ ካልሆነ ሌላ አይኖርም።